የሌሊት ዘብ የሆነው ቅቤ

ስሙን ብጠራው ከእናንተ የሚያውቀው ስለማይኖር በከንቱ አልደክምም፤ እኔ መዝጋቢ ሆኜ ያገለገልኩበት አገር ቀን ቀን ሙቀቱ ሰው የሚያስለፈልፍ፣ ሌሊት ሌሊት ግን ጋቢ የሚያስደርብ አገር ነበር። የሌሊቱን ቅዝቃዜ ለቀኑ ያላቆየነው ዘዴ ጠፍቶን አይደለም፤ ሕግ ስለማይፈቅድ ነው። የአቤቱታ አዳራሹ መስኮቶችና ከመሬት ሥር አልፎ ወደ ውስጥ የሚገባው የንፋስ ቦይ፣ ሥራ ሲያበቃ በጭቃ ይመረጉና ማኅተም ይደረግባቸዋል። ከሥራ ሰዓት ውጭ የገባ ንፋስ ሳይፈቀድለት የገባ ንፋስ ነውና። ጠዋት ማኅተሙ ሲፈታ የሚገባው ፀሐይ የነካችው ንፋስ ነው። ይህንን ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ግን ማኅተሙ በጣም የሚያምር ማኅተም ነበር።

በአዳራሹ ውስጥ ሁሉም ሰው ይቆማል። ባለጉዳዩ ቆሞ ይጠብቃል፣ ሠራተኛው ቆሞ ይሠራል፣ እኔም ቆሜ እጽፍ ነበር። ደንቡን ያወጡት የጽናት ሹሙ አቶ እርገጤ ናቸው። ሹም እርገጤ ረጅምና ቀጥ ያሉ፣ በዚያ ሁሉ ሙቀት የሱፍ ካባቸውን የማያወልቁ ሰው ነበሩ። ሥራቸው በአዳራሹ ውስጥ ያለ ነገር ሁሉ ቅርጹን ሳይለውጥ መዋሉን ማረጋገጥ ነው። የጎበጠ ምስማር፣ የተጣመመ ማስመሪያ፣ የዘመመ በር ካገኙ ያስወግዳሉ። ሰው ግን ሰው በመሆኑ ይታዘንለታል፤ በሥራ ላይ ሁለት ጊዜ መውደቅ ይፈቀድለታል። ሦስተኛ የወደቀ ሰው ግን «ወዳቂ» ተብሎ ይመዘገብና ከዚያን ቀን ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞቱ ከሹክሹክታ በላይ ድምፅ ማውጣት አይችልም። ለጽናት ሹም ደግሞ አንድ ውድቀት ይበቃዋል ብለው በገዛ እጃቸው ጽፈው አጽድቀዋል። ያን ቀን አጨብጭበንላቸዋል።

ውድቀት የሚጸናው ሲታወጅ ነው። ስም ጠሪው «እገሌ ወደቀ!» ብሎ ሦስት ጊዜ ካልጮኸ፣ ሰውየው መሬት ላይ ተዘርሮ ቢውል እንኳ እንደቆመ ይቆጠራል።

ስም ጠሪያችን ጋሼ ጓንጉል ይባላል። ጎረቤቴ ነው፤ ቤታችንን የሚለየው አንድ ግድግዳ ብቻ ነው። ድምፁ አዳራሹን ሞልቶ ይተርፍ ነበር። ባለጉዳዮች ጉዳያቸው ባይሳካ እንኳ ስማቸው በእሱ አፍ ተጠርቶ መሄዳቸው ያጽናናቸዋል። በዚያ ዓመት በጋው ገና ሲጀምር በሙቀቱ ሁለት ጊዜ ወደቀ። ሁለቱንም ጊዜ ሲነቃ ልብሱን አራገፈና ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ጓንጉል ወደቀ! ጓንጉል ወደቀ! ጓንጉል ወደቀ!» ብሎ በራሱ ላይ አወጀ። ቢተወው ማን ይጠይቀው ነበር? ግን ጋሼ ጓንጉል ሥራውን አያጓድልም።

ሚስቱ እትዬ አስካለ ቅቤ ነጋዴ ናት። ጨዋታ አዋቂ፣ ሳቋ ከሩቅ የሚሰማ፣ በአንድ ጣት ነክታ ቅቤው ከየትኛው ወረዳ እንደመጣ የምትነግርህ ሴት ናት። ባሏ ሁለተኛ የወደቀ ዕለት በጓሮው አጥር ላይ ብቅ ብላ፣

«ቢተው፣» አለችኝ፤ ቢተው እኔ ነኝ። «ሠላሳ ዓመት ከዚህ ድምፅ ጋር ኖሬያለሁ። ሰውዬው ሲያንኮራፋ እንኳ ሰው የሚጠራ ነው የሚመስለው። አሁን በዚህ ዕድሜዬ ከሚያንሾካሹክ ባል ጋር ልኑር?»

እየሳቀች ነው ያለችው። ግን ፈርታ ነበር፤ ፍርሃቷ ዓይኗ ላይ ይታያል። ዝናብ እስኪመጣ ገና ሦስት ወር ይቀራል፣ ለባሏ ደግሞ የቀረችለት አንዲት ውድቀት ናት።

ሱቋ ከአዳራሹ በስተጀርባ ነው። ከመንገድ የሚገባው ንፋስ በመደርደሪያዎቹ መሃል ያልፍና በጓሮ በር ይወጣል። ጋሼ ጓንጉል በምሳ ሰዓት ይመጣና ከመደርደሪያው ጀርባ ቆሞ በሶውን ይበላል፤ መቀመጥ ከረሳ ቆይቷል። አንድ ቀን እትዬ አስካለ ቀና ብላ ስታየው የግንባሩ ላብ ደርቋል። ገረማት። እጇን ከመደርደሪያው ፊት አደረገች፤ የሚገባው ንፋስ ትኩስ ነው። ከመደርደሪያው ጀርባ አደረገች፤ ቀዝቃዛ ነው። በመሃል ያለው በቆርቆሮ የታጨቀ ቅቤ ብቻ ነው፣ እሱም እየቀለጠ።

ከዚያ በኋላ ሳምንቱን ሙሉ ሱቅ ጠበቀች ከማለት ቅቤ ጠበቀች ማለት ይሻላል። ገዢ ሲመጣ «ቆይ ትንሽ» እያለች እጇን ወዲያና ወዲህ ታደርጋለች። ቅቤው እየቀለጠ እስካለ ድረስ ከጀርባው ያለው ንፋስ ቀዝቃዛ ነው። ቀልጦ ሲያልቅ ግን ያው እሳት ይሆናል። ማታ የሱቋን በር በወንፊት ሽቦ ብቻ ዘግታ ስታድር የሌሊቱ ብርድ ገብቶ ያረጋዋል፣ ጠዋት እንደገና ይጀምራል።

«ገባህ?» አለችኝ። «ቅቤው ቀን ቀን ሙቀቱን ወደ ራሱ እየሳበ ነው የሚቀልጠው። ሌሊት ደግሞ የሳበውን ለብርዱ ያስረክባል።»

እኔም ይህንን የምመዘግብበት ዓምድ አልነበረኝም።

እሷ ግን ዓምድ አልጠበቀችም። ለወጥ የማይሆን የከረመ ቅቤ ሰበሰበች። የደጋው ቅቤ ጀንበር ብቅ ስትል ገና ይለሰልሳል፣ የቆላው ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ንቅንቅ አይልም። እሷ የፈለገችው ሦስት ሰዓት ላይ መቅለጥ ጀምሮ አሥር ሰዓት ላይ የሚጨርስ ቅቤ ነው። ሁለቱን እያደባለቀች፣ እየቀነሰች እየጨመረች ልኩን አገኘችው። ቆርቆሮ ቀጥቃጩ ሰማንያ ስስ ሣጥን ሠራላት፤ ሽታው እንዳይወጣ ዙሪያውን በይዶ ጥብቅ ክዳን ገጠመለት። ከዚያም ሁለት ቀን ተሰልፋ፣ በባሏ ተጠርታ፣ አንዱን ሣጥን ታቅፋ ሹም እርገጤ ፊት ቀረበች። ሰዓቱ ከጠዋቱ ሁለት ነበር።

«ምንድን ነው ጉዳይሽ?»

«በንፋሱ ቦይ ውስጥ ቅቤ ልደርድር ብዬ ነው፣ ክቡር ሹም። ንፋሱ በሣጥኖቹ መሃል አልፎ ሲመጣ ይበርዳል፣ ሰውም አይወድቅም።»

«ሰው የሚወድቀው በሙቀት አይደለም፤ በጽናት ማነስ ነው።»

«ልክ ነዎት። ቅቤው ጽናት ላነሰው ይሁንልን።»

ሹሙ ክዳኑን አስከፈቱና ቅቤውን በአውራ ጣታቸው ተጫኑት። ድንጋይ ነው። ሁለተኛ ተጫኑት። ፊታቸው በራ። «ከብዙዎቹ ሠራተኞቼ ይሻላል» አሉና ፈቀዱ።

ሣጥኖቹ በቦዩ ውስጥ ጣት የምታህል ክፍተት እየተተወላቸው ተደረደሩ። ንፋሱን ወደ አዳራሹ የሚገፋውን ማራገቢያ በእግራቸው የሚያሽከረክሩት ሁለት ሰዎች መርገጥ ጀመሩ። ሦስት ሰዓት ሆነ፣ አራት ሆነ፤ ስድስት ሰዓት ላይ ሰው እርስ በርሱ ይተያይ ጀመር። በአዳራሹ ውስጥ ላብ የለም። በአጥር ጉዳይ ሰባት ዓመት የተመላለሱ ሽማግሌ ፍርዳቸው ሊነበብላቸው ሲል፣ «እባካችሁ ለነገ ቅጠሩኝ፣ ነገም መምጣት እፈልጋለሁ» ብለው ለመኑ። ከሰዓት በኋላ አቤቱታ የሌላቸው ሰዎች ሁሉ እየመጡ ተሰለፉ። አንዲት ሴት «ጎረቤቴ ከሚገባው በላይ በትሕትና ሰላም ይለኛል» ብላ ከሰሰች። ጋሼ ጓንጉል ስሟን ሲጠራ የአዳራሹ እርግቦች በረሩ።

ማታ በደንቡ መሠረት ቦዩ በጭቃ ተመረገና ታሸገ።

በማግስቱ ጠዋት ማኅተሙ ሲፈታ ቅቤው ትናንት እንደቀለጠ ነው። ብርድ ሳይደርስበት አድሮ እንዴት ይርጋ? የቀለጠ ቅቤ ደግሞ ከዚያ በላይ የሚቀልጥበት ስለሌለው ሙቀቱን አሳልፎ ለቀቀው። አዳራሹ ተመልሶ ምድጃ ሆነ። ሹም እርገጤ ሊጎበኙ መጡና አንዱን ሣጥን አንሥተው ነቀነቁት። ከውስጥ የሚንቦጫረቅ ድምፅ ተሰማ። ሹሙ በሕይወታቸው እንደዚያ ተከድተው አያውቁም።

ቅቤው የዚያኑ ዕለት ለፍርድ ቀረበ። የክሱን ቃል የጻፍኩት እኔው ነኝ፦ «ተከሳሽ ቅቤ ጠንካራ መስሎ ከተቀጠረ በኋላ በሥራ ገበታው ላይ ቀልጦ በመገኘቱ።» የሚሰጠው መልስ እንዳለ ተጠየቀ። አሁንም ተነቀነቀ፣ አሁንም ተንቦጫረቀ፤ ይህም ጥፋቱን እንዳመነ ተቆጠረበት። ሣጥኖቹ ተለቅመው ወጡና በምትካቸው ሰማንያ የተጠረበ ድንጋይ ገባ። ድንጋዩ ለአንድ ሰዓት ያህል ደህና ነበር። ከዚያ እሱም ጋለና የሚያልፈውን ንፋስ የባሰ አሞቀው። ሆኖም ቅርጹን አልለወጠም። ሹሙ በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ እየመጡ «እንዲህ ነው እንጂ!» ይሉት ነበር።

እትዬ አስካለ ሣጥኖቿን በጋሪ ጭና ወደ ሱቋ ስትመልስ አልሳቀችም። በማግስቱ መቀነቷን ፈትታ ለባሏ ሰጠችው። ጋሼ ጓንጉል ከኮቱ ሥር ወገቡን ከጀርባው ካለው ምሰሶ ጋር አስሮ መዋል ጀመረ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ስም እየጠራ ሳለ ዓይኑ ነጭ ሆነና በመቀነቱ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። መሬት ስላልነካ አልወደቀም። ትንሽ ቆይቶ ነቃና ስሙን ካቆመበት ቀጠለ። እኔ ከጎኑ ስለምቆም አይቻለሁ፣ መዝገቡ ላይም ቀለም ደፍቻለሁ።

ማታውን ለእትዬ አስካለ ነገርኳት። ፊቷ አመድ መሰለ።

«መቀነት ስንት ቀን ይይዘዋል?» አለች። «ጨርቅ ነው እኮ፣ ቢተው።» ቁጭ ብላ ብዙ ካሰበች በኋላ ድንገት ቀና አለች። «ያንተ መዝገብ ላይ የሌሊት ዘቦች አሉ አይደል? ደንባቸው ምን ይላል?»

በቃሌ አውቀዋለሁና አልኩላት፦ «የሌሊት ዘብ ከምሽት እስከ ንጋት ቀጥ ብሎ ይቆማል። የሚቆምበት ስፍራ አይታሸግበትም። ቀን እንደፈቀደው ይተኛል።»

እትዬ አስካለ ጭኗን በጥፊ መታች። ሳቀችም፤ ሳቋን ከሰማሁ ሰንብቼ ነበር። «ወይኔ! እኛ እኮ ቅቤውን የቀን ሠራተኛ አድርገን ቀጥረን ነው ያዋረድነው!»

በነጋታው ሹሙ ፊት ቀረበች። መዝገቤን ይዤ አጠገቧ ቆምኩ።

«ክቡር ሹም፣ በቅቤው ለደረሰብዎት ኀፍረት ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ያለ ፈረቃው ነው ያስገባሁት።»

«ምን ፈረቃ?»

«ይቅርታዎን፤ የሌሊት ዘብዎን ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ተንጋሎ ቢያገኙት ይቀጡታል?»

«ለምን እቀጣዋለሁ? ተራው አይደለም።»

«ሌሊቱን ቀጥ ብሎ ካደረስ?»

«እሸልመዋለሁ እንጂ!»

«እንግዲያው ቅቤዬን ለሌሊት ይቅጠሩትና ንጋት ላይ መጥተው በአውራ ጣትዎ ይጫኑት። ከለሰለሰ እኔን ከአገር ያስወጡኝ።»

ሹሙ ጢማቸውን አሻሹ። «ምኑን ነው የሚጠብቀው?»

«ቦዩን ነዋ!»

«ቦዩ ይታሸጋል እኮ።»

«ዘብ ካለ ማኅተም ምን ያደርጋል? ማኅተም ካለስ ዘብ ለምን ይቀጠራል?»

ሹሙ ወደ እኔ ዞሩ። እኔም ደንቡን አነበብኩ፤ በእጃቸው የጻፉት ነውና ሲሰሙት ደስ አላቸው። ድንጋዮቹ በክብር ተሰናብተው ወጡ፣ ሰማንያው የቅቤ ሣጥንም በሌሊት ዘብነት ተመዘገበ። ሹሙ አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቁ፦ እሳቸው በሥራ ሰዓት ከተጋደመ ነገር የሚመጣ ንፋስ እንዲነካቸው አይፈልጉም። እሳቸው በሚቆሙበት መድረክ ሥር ያለው የንፋስ ቀዳዳ በጭቃ ተደፈነ፣ ማኅተሙም እዚያው ዋለ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ስጽፈው እጄ ራሱ ይስቃል። የሌሊቱ ብርድ በተከፈተው ቦይ ገብቶ ሲንሸራሸር ያድራል፣ ቅቤው እየረጋ ያድራል፤ ንጋት ላይ ሹም እርገጤ እየመጡ በአውራ ጣታቸው ተጭነው «ደህና አደርክ? በርታ!» ይሉታል። ለእያንዳንዱ ሣጥን ፊሽካ ታደለው። በሁለተኛው ወር የጽናት ሜዳይ ተሸለመና አዳራሹ ውስጥ ባለው የቦዩ አፍ ላይ ተሰቀለለት። ቀን ደግሞ በዚያ በኩል የሚያልፍ ሰው ሁሉ በእግር ጣቱ ነው የሚሄደው፤ «ዘብ ተኝቷል፣ አትረብሹ» የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል። ተኝቶ የሚቀልጠው ቅቤ ንፋሱን እያቀዘቀዘ ይልክልናል፣ እኛም እንደ ሰው እየተነፈስን እንውላለን። ጋሼ ጓንጉል መቀነቱን ለሚስቱ መለሰ። እሷም ታጥቃው በገበያው መሃል እየተንጎራደደች አለፈች።

በጋው ሊያልቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው ያ ታላቅ ሙቀት መጣ። የውጭው አስፋልት ጫማ ይይዝ ነበር። እትዬ አስካለ ቅቤው እስከ አሥር ሰዓት ይችለው እንደሆነ ሠግታ፣ ሱቋን ዘግታ መጥታ በቦዩ አፍ ቆማ እጇን ለንፋሱ ትሰጣለች። ይችላል። ጋሼ ጓንጉል ስም ይጠራል፣ ሦስት መቶ ባለጉዳይ ቆሟል፤ ሹም እርገጤ ብቻቸውን ንፋስ በማይደርስበት መድረካቸው ላይ በሱፍ ካባቸው ቆመዋል። ፊታቸው መጀመሪያ ቀላ፣ ቀጥሎ ነጣ። ከዚያ፣ ከእግር እስከ ራሳቸው ሳይታጠፉ፣ ቀጥ እንዳሉ ወደቁ።

ከጥጉ ቆመው የሚያንሾካሹኩት ወዳቂዎች እንኳ ሹክሹክታቸውን አቆሙ። ሁሉም ሰው ወደ ጋሼ ጓንጉል ዞረ። ለጽናት ሹም አንድ ውድቀት ይበቃዋል፤ አሁን ሦስት ጊዜ ከጮኸ ያ ሰው እስከ ዕለተ ሞቱ ትእዛዝ አይሰጥም። እትዬ አስካለ በልቧ «ጥራው!» አለች። አዎ፣ ብላለች፤ ኋላ ራሷ ነግራኛለች፣ አፍራም አልነገረችኝም።

ጋሼ ጓንጉል ደረቱን ነፋ። እኔ ብዕሬን ቀለም ነክሬ ጠበቅኩ።

«ውሃ!» አለ።

በዚያ አዳራሽ በወረቀት ላይ ያልተጻፈ ነገር ጮክ ብሎ ሲነገር ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁ። «ውሃ! ውሃ አምጡ! ካባውን አውልቁላቸው! ወደ ንፋሱ አምጧቸው!» ድምፁ ግድግዳውን አናወጠው። ከበሩ ጀምሮ ውሃ በጣሳ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ መጣ፤ ወዳቂዎቹም ተቀባበሉ። አራት ሰዎች ሹሙን ተሸክመው በቦዩ አፍ፣ በሜዳዩ ሥር አስቀመጧቸው፤ በአዳራሹ ሰው ሲቀመጥ የመጀመሪያው ነበር። እትዬ አስካለ ወደ ጎን ብላ ቦታ ለቀቀችላቸው፣ ራሳቸውንም ደገፈችላቸው።

ሹሙ ዓይናቸውን ገለጡ። የሚነፍስባቸውን ንፋስ ለረጅም ጊዜ አዳመጡት። ከዚያ እኔን ፈለጉኝ።

«ቢተው፣ ወድቄ ነበር?»

መዝገቡን አየሁ። «አልታወጀም፣ ክቡር ሹም።»

ወደ ጋሼ ጓንጉል ዞሩ። ጋሼ ጓንጉል ግን የሚቀጥለውን ባለጉዳይ ስም እየጠራ ነበር።

ያን ዕለት ማታ ባልና ሚስቱ እራት ሲቀርቡ በግድግዳው በኩል ሰማኋቸው። ጆሮ ጥዬ አይደለም፤ እትዬ አስካለ ስትቆጣ ግድግዳ አይበቃትም።

«ያ ሰው እኮ አንተን ሊያስወድቅህ ምንም አልቀረው! በመቀነት ታስረህ ነው የዋልከው! ለምን ዝም አልከው?»

ጋሼ ጓንጉል አንድ ነገር ተናገረ፤ ቀስ ብሎ ስለሆነ አልተሰማኝም። ለእሷም አልተሰማት።

«ምን አልክ? ጮክ በል እንጂ!»

ጮክ አለ። ሦስተኛው ቤት ያሉት ሰዎች ምን ተፈጠረ ብለው እስኪወጡ ድረስ ጮክ አለ፦

«ታዲያ 'ሰው ወደቀ' ብዬ ልጮህበት ነው ድምፄን ያቆየሽልኝ?»

ከግድግዳው ማዶ ስታለቅስ ይሁን ስትስቅ መለየት አልቻልኩም። ቆይታ ግን፣ «በል እሺ፣ ብላ፤ ወጡ ቀዘቀዘብህ» ስትለው ሰማሁ።